ድንበር የረገጠ ኳስ

እኔ ግትር ሰው ነኝ። ሚስቴ ትመሰክራለች፤ በሬዎቼም አፍ ቢኖራቸው ይመሰክሩብኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስሜን እጽፋለሁ፤ ደብዳቤ ሲመጣ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። ይህንንም አዝመራ ከገባ በኋላ ቀስ እያልኩ ነው የጻፍኩት። ሴት ልጄ ፊደሉን አርማልኛለች፤ ነገሬን ግን እንዳትነካብኝ ከልክያታለሁ። የጻፍኩበት ምክንያት በአንድ ሰው ላይ ክፉ ቃል ስለተናገርኩና ያ ሰው ስለማረኝ ነው። ስድቡን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ምሕረቱን የሰማው ጥቂት ነው።

ቤቴ ከፍኖተ ሰላም በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በቆሎና ዳጉሳ፣ ዝናቡ ከሰመረልኝም በርበሬ አመርታለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በእርሻዬ አይደለም፤ በድንበር ነው። ሁለት ሰዎች በወሰን ሲጣሉ እኔ እጠራለሁ። በእኛ አገር በሁለት ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚተው የሣር መስመር አለ። ያ ሣር የዚህም አይደለም፣ የዚያም አይደለም። ማረሻህ ሣሩን ከነካ ገብተሃል፤ አንድ ጣትም ትሁን አንድ ክንድ ገብተሃል። "ትንሽ ነው የነካሁት" የሚባል ነገር የለም። ይህን ሕግ ከአባቴ ተቀብዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈርጄበታለሁ። ፍርድ ቤት እንኳ ቃሌን ተቀብሎ ያውቃል። በዚህ እኮራ ነበር። ጉድ ያፈላውም ኩራቱ ነው።

ወደ ኳስ እንዴት እንደገባሁ ደግሞ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ሚስቴን ቀትር ላይ ሆዷን ቆርጦ ያዛት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና አይገባም። ጎረቤቶቼ ለቅሶ ሄደዋል። የከተማው ቡድን ልጆች በእኛ በኩል ሩጫ ይለማመዱ ነበርና ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ማን ናችሁ ሳልላቸው አልጋችንን አንሥተው ቃሬዛ አደረጉት። አራት አራት እየሆኑ፣ እየተቀባበሉ፣ ሆስፒታል አደረሷት። የአንዱ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ዞሮም አላየው። ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ" አለና የቀረውን ዋጠው። ሚስቴ ዳነች።

በሚቀጥለው እሑድ በርጩማዬን ይዤ ሜዳ ወረድኩ። ኳስ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ልጆቹን ላያቸው ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ በከተማችን የተጫወቱትን ሁሉ አይቻለሁ። ቦታዬ ከግቡ ቋሚ ጎን ነው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።

እዚያ ስቀመጥ የኳሱን ሕግ ማንም አላስተማረኝም፤ ቅሬታውን ግን በአንድ ቀን ተማርኩ። ቅሬታችን ሁለት ነው፤ አንዱ በዳኛ፣ አንዱ በሬዲዮ። ዳኞች አይወዱንም። ይህን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት እንደግመው ነበር። ሰው ሲጠልፈን ፊሽካው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እኛ ስንጠልፍ ግን ከእግራችን ቀድሞ ይጮኻል። ሬዲዮውማ አይነሣ። የስፖርት ዜና የሚያነብ አንድ ጋዜጠኛ አለ። ስናሸንፍ "ተጋጣሚያቸው ተዳክሞ የዋለበት ጨዋታ" ይላል። ስንሸነፍ "ውጤቱ ይገባቸዋል" ይላል። አቻ ስንወጣ ደግሞ የሌላውን ቡድን ስም ያስቀድማል። አንድ ቀን አንድ ሰው "ምናልባት በፊደል ተራ እየጠራ ይሆናል" ቢል፣ ጎረቤቱ "አንተ ደግሞ የሬዲዮው ዘመድ ነህ?" ብሎ አፉን አስያዘው። ያ ጎረቤት እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ጨዋታችን ከቡሬ ከመጣ ቡድን ጋር ሆነ። ካሸነፍን ወደ ላይኛው ምድብ እናልፋለን፤ አቻ ከወጣን እንቀራለን። ዳኛው ወጣት ነው፤ ሥራው መምህርነት፣ ቤቱም ከቡሬ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ። ፊሽካ ሳይነፋ ወሬው አጥሩን ዞሮ ጨርሷል።

"ሚስቱ የቡሬ ልጅ ናት አሉ።"

"ታዲያ አማቶቹን አስቀይሞ የት ሊበላ ነው?"

"ተዉት፣ ዛሬ ፊሽካውን የሚነፉት አማቱ ናቸው።"

እኔም ከሳቁት ጋር ሳቅሁ።

አንድ ለአንድ ሆነን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእኛ አጥቂ መታ። ኳሱ የላይኛውን አግዳሚ ገጭቶ ወደ ታች ወረደ። እኔ ካለሁበት አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ለንባብ መነጽር ያሻኛል እንጂ ራቅ ላለ ነገር ዓይኔ የጭልፊት ነው። ኳሱ የግቡ መስመር በተሰመረበት ኖራ ላይ አረፈ። ኖራው ብን አለ። ከዚያ ነጥሮ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ሆዱ ላይ ነጭ ዱቄት ተለጥፎበት ነበር። ሕዝቡ "ገባ!" ብሎ ተነሣ። ዳኛው ሮጦ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ኖራውን አየ፤ ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘ። አልገባም አለ። አንድ ለአንድ ተለያየንና ቀረን።

በማግስቱ የቡድኑ ኮሚቴ አቤቱታ ሊጽፍ ተሰበሰበ። እኔንም አስጠሩኝ። ሃያ ያህል ሰው "ኳሱ መረቡን ነካ" ብሎ ፈርሟል፤ ገሚሱ በዚያ ሰዓት በወዲያኛው አጥር ላይ ነበር። ከቅርብ ያየሁት እኔ ነኝ። የኮሚቴው ጸሐፊ ሱቅ ያለው ጎልማሳ ነው፤ ብዕሩን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

"እሺ ጋሼ፣ ኳሱ መስመሩን ሲያልፍ አይተዋል አይደል?"

"አላየሁም። ሲረግጥ ነው ያየሁት።"

ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ።

"አልፏል ብለን እንጻፈው፤ ትንሽ ነገር ናት።"

"ረግጧል ብለህ ጻፍ። ኖራው ተለጥፎበት ወጣ ብለህ ጨምር። ድንበር የረገጠ ገብቷል፤ ሌላ ምን ቀረ?"

"ጋሼ፣ በኳስ እኮ መስመር ማለት..."

"አንተ፣ ድንበር ለእኔ ልታስተምር ነው? አባትህንና አጎትህን ያስታረቅኋቸው በምን ይመስልሃል?"

ሰዎቹ ሳቁ። ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ቢያስጨርሱት፣ ወይም እኔ ባስጨርሰው፣ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አንድ ሌላ የኮሚቴ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አባባ፣ ባለቤትዎን የተሸከሙ ልጆች ናቸው። የለመንንዎት አንዲት ቃል ናት" አለኝ። ይህ ወጋኝ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀናም አላለች።

"አንተ ያየኸው ምንድን ነው?"

"ሲረግጥ።"

"እንግዲያው ረገጠ በል። ልጆቹ የተሸከሙኝ በእውነት ነው፤ በውሸት አትመልስላቸው።"

በማግስቱ ሄጄ ያየሁትን ብቻ አስጻፍኩ፤ በገዛ እጄም ፈረምኩ። ጉዳያችን አለቀለት፣ አሸነፍን፣ እያልኩ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ከዚያ በኋላ ያ ጋዜጠኛ በልጄ ስልክ ደወለ።

"አባቴ፣ ከቅርብ ያዩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ኳሱ መስመሩን አልፏል ወይስ ነክቷል?"

"ረግጧል።"

"ሙሉ በሙሉ አላለፈም?"

"ረግጧል አልኩህ።"

"ይቅርታ አባቴ፣ ለአድማጭ ግልጽ እንዲሆን ነው። አልፏል ወይስ..."

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ወጥመድ የሚዘረጋልኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። "ስማ፣ ያ ዳኛ ድንበር ገፊ ነው። አማቶቹን ሊያስደስት የድሃ ልጆችን ድንበር ገፋ። አንተም ቢጤው ነህ" አልኩት። የዚያኑ ዕለት አስተላለፈው፤ አንዲት ቃል አልቆረጠም። እሱን ራሱን የሰደብኩበትን እንኳ አላወጣውም። እኔ ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። ሰፈሩም "ነገሩልን" አለኝ።

ድንበር ገፊ ማለት በእኛ ዘንድ ከሌባ ይከፋል። ሌባ በልቶ ይሄዳል። ድንበር የገፋ ግን ለልጅ ልጁ ጠብ ያወርሳል፤ መጽሐፍም ይረግመዋል። እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል በሰው ላይ የተናገርኩት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ያውም ወሰኑን በእግሬ ዞሬ፣ ድንጋዩን በእጄ ዳስሼ።

ዳኛው ነገሩ እስኪጣራ ፊሽካ እንዳይነፋ ታገደ አሉ። ከሳምንታት በኋላ ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ውሳኔው በሬዲዮ መጣ። ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጠፋ፤ ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን። ጋዜጠኛው አነበበ፤ አቤቱታ አቅራቢው ቡድን ራሱ ያቀረባቸው የቅርብ ምስክር ኳሱ መስመሩ ላይ ማረፉን ስላረጋገጡ የዳኛው ውሳኔ ትክክል ነው፤ እገዳውም ተነሥቷል።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ የመሰከሩት ለማን ነበር?" አለ አንዱ።

"ለቡሬ ነው እንጂ። ለካ እሳቸውም አማት ናቸው" አለ ሌላው።

ሳቁ እስከ በሩ ተከተለኝ። እህሌን ሳላስፈጭ ተሸክሜ ተመለስኩ። አሁንም ግን አልገባኝም ነበር። ቃሌን አጣመሙብኝ፣ ሬዲዮውም ዳኛውም አንድ ናቸው፣ ነው የምለው። ውድድሩ ቢያልቅም ልጆቹ እሑድ እሑድ ይለማመዳሉ፤ እኔ ግን ሁለት እሑድ ሜዳ አልወረድኩም። ልጆቹን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

የንስሐ አባቴ በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ግን አንቱ እንባባላለን። ሊጠይቁኝ ሲመጡ ብሶቴን ዘረገፍኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ "እኔ ዲያቆን ሳለሁ በትምህርት ቤት የኳስ ቡድን በረኛ ነበርኩ፤ ያውቃሉ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ከምድጃው አመድ በእፍኛቸው ይዘው ወጡና ግቢዬ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ከዛፌ አንድ ሎሚ ቀጥፈው አመዱ ላይ አስቀመጡ።

"ወዲህ ሜዳው ነው። ወዲያ ግቡ ነው። ይህ አመድ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም። ድንበር ነው።"

"እዚህ ላይ ነው የሳቱት። በእርሻ ሕግ ልክ ነዎት። በኳስ ግን መስመሩ የሜዳው ነው፤ ባለቤት አለው። ሎሚው አመዱን ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ ገና አገሩ ላይ ነው ያለው።"

"ይህን ደግሞ ማን ደነገገው?"

"የሣሩን ሕግ ማን ደነገገው?"

"አባቶች።"

"ይህንንም የኳስ አባቶች ናቸው።"

ሎሚውን ብዙ አየሁት። ያ ወጣት ጎንበስ ብሎ ኖራውን ሲያይ ትዝ አለኝ። እኔም ወሰን ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ሰው ይጮኻል፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ሣሩን አያለሁ። ድንበር የጠበቀውን ሰው ነው ድንበር ገፊ ያልኩት።

"ምን ይሻለኛል አባቴ?"

"ለሌላ ሰው ቢሆን ምን ብለው ይፈርዱ ነበር?"

"ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ ይሂድ እል ነበር።"

"ፈረዱ እኮ" አሉኝና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

መጀመሪያ ወደ ጸሐፊው ሱቅ ሄጄ አፉን ስለዘጋሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ እኔም ፈርቼ ነው እንጂ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ" አለኝና ሽማግሌ ሆኖ ከእኔና ከንስሐ አባቴ ጋር ሊሄድ ተስማማ። ድንጋዩን ከግቢዬ መረጥኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ድንጋዩም ከእኔ ግቢ ይሂድ ብዬ ነው። ሚኒባስ ላይ ስናወጣው ረዳቱ አየና፣ "ጋሼ፣ ቡሬ ድንጋይ አልቆ ነው?" አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ቄሱም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ደጁ ደረስን። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ ያቺ የቡሬ ልጅ። ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ብታይ ደነገጠች፤ "ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ግቡ አባቶቼ" አለች። "የመጣንበት ሳይፈጸም አንገባም" አሉ ቄሱ። ሰውየው ወጣ። ፊቱን አላየሁም፤ የማየው ጫማውን ነው። ቄሱ ማን እንደሆንኩ ነገሩት።

 ድንጋዩ ይከብድ ጀመር።

"ልጄ ከትምህርት ቤት አልቅሶ መጣ" አለ በመጨረሻ። "የድንበር ገፊ ልጅ ብለውታል። አባዬ፣ ድንበር ምንድን ነው አለኝ።"

"ማረኝ ልጄ" አልኩ። "ሕጉን ሳላውቅ ፈረድኩ። የማያውቀው ድንበር ላይ የቆመ እኔ ነኝ።"

ትቶኝ ወደ ቤት ገባ። የማይምረኝ መሰለኝ። ጸሐፊው "ይመለሳል ጋሼ" አለኝ በሹክሹክታ። አንድ ወረቀት ይዞ ተመለሰና ለሁላችንም አነበበልን። የውሳኔው ግልባጭ ነው። ሃያው ሰው መረቡን ነካ ያለበት አለ፤ የእኔም ኖራው ተለጥፎበት ወጣ ያልኩት አለ።

"የሃያው ሰው ቃል ቢታመን ኖሮ ፊሽካውን እስከ ወዲያኛው ይነጥቁኝ ነበር" አለ። "ያዳነኝ የእርስዎ ቃል ነው። ስሜን ያጠፉትም እርስዎ፣ ያተረፉትም እርስዎ። ላመስግንዎት ወይስ ልክሰስዎት ግራ ገብቶኝ ነው እስከ ዛሬ ሳልመጣ የቀረሁ።"

ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሣው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ። ጉልበቱን ልስም ስል ቀድሞ የእኔን ያዘ። እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

ካሳው ምን ይሁን ብለው ቢጠይቁት፣ "በሰደቡኝ አፍ፣ በዚያው ሬዲዮ" አለ። ሌላ ነገር አልፈለገም። ምሳ አቀረቡልን። ሚስቱ ወጥ እየጨመረችልኝ፣ "እናቴ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ ኳስ አይታ አታውቅም። አሁን ግን ከእርስዎ ወዲህ ማን አሸነፈ እያለች ትጠይቃለች" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ሳቅ የሳቅነው።

እንደተመለስኩ ለጋዜጠኛው አስደወልኩ። መስመሩ የሜዳው መሆኑን፣ ዳኛው ልክ መሆኑን፣ እኔ መሳሳቴን፣ እሱንም በከንቱ መስደቤን ተናገርኩ። ይህንንም ሳይቆርጥ አስተላለፈው። ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ ሊያጠምደኝ ሳይሆን ከስሕተቴ ሊያወጣኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ቡድናችንን ግን ዛሬም ቢሆን አስቀድሞ አይጠራም። ይህን አይቼ እንዳላየሁ አልፈዋለሁ።

ሜዳ የተመለስኩት በእሑዱ ነው። በርጩማዬን ይዤ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል፣ ወይም ልጆቹ ፊታቸውን ያዞሩብኛል ብዬ ፈራሁ። ቦታዬ ባዶ ነበር። ያ ሚስቴን ሲሸከም ጫማው ጭቃ ውስጥ የቀረበት ልጅ ዛሬ አምበል ነው፤ ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

"የት ጠፉ ጋሼ? ሁለት እሑድ ግቡ ቋሚ ጎድሎት ዋለ።"

"አስቀረኋችሁ እኮ ልጄ።"

"እኛ ነን የቀረነው። አግዳሚውን የገጨው እኔ የመታሁት ኳስ ነው፤ ዝቅ አድርጌ መምታት ነበረብኝ። እትዬ ደኅና ናቸው?"

ደኅና ናት አልኩት። በርጩማዬንም ከቋሚው ጎን አስቀመጥኩ።

ዘንድሮ ያ ዳኛ እኛ ሜዳ ላይ ተመልሶ መጣ። አጥሩ ላይ ያሉት ማጉረምረም ሲጀምሩ እሱ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና አቀፈኝ። ማጉረምረሙ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም፤ የእኛን ሰው አውቀዋለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ድንበር እርስዎ ያውቃሉ። ኖራው ቀጥ ማለቱን አብረን እንየው" አለኝ። ከቋሚ እስከ ቋሚ አብረን ሄድን። አንድ ቦታ ላይ ተጣሞ ነበር፤ አሳየሁት፤ አስተካከሉት። አሁን ማንም ዳኛ ቢመጣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ኖራውን ዞሬ አያለሁ። ለዚህ ማንም አልሾመኝም፤ የሚከለክለኝም የለም። ቀጥ ካለ እጄን አነሣለሁ፤ ፊሽካው ይነፋል፤ እኔም በርጩማዬ ላይ እቀመጣለሁ።